የጽጌ ረዳ ሞት ከሥሩ ነው

ክረምት የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ሰው ጆሮ የዝናብ ድምፅ አለው። ሰኔ ሲገባ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ወንዙ ይሞላል፤ ምድሩ ይለመልማል። ገበሬው ዝናሙ ሲያንስ ወይም ሲበዛ ይሠጋል እንጂ ክረምት ራሱ የሕይወት ወራት እንደ ሆነ ያውቃል። በሰሜን ኤውሮፓ ግን በዚሁ ስም የሚጠራው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚዘልቀው የብርድ ጊዜ ነው፤ ዛፉ ራቁቱን የሚቆምበት፣ ቀኑ የሚያጥርበት፣ እንደ ጥጥ እየተባዘተ አመዳይ የሚወርድበት ወራት ነው። በዚያ አገር አትክልት የሚያለማ ሰው ያመቱን ትርፍና ኪሳራ የሚቈጥረው ይህ ወራት ሲያልፍ ነው። ከሚጠፋበት ተክል ሁሉ ይልቅ ግራ የሚያጋባው ጽጌ ረዳ ነው፤ ምክንያቱም ጽጌ ረዳ በብርዱ ወራት ሲሞት አይታይም። የሚሞተው በጥር ነው፤ ሞቱ የሚሰማው ግን በግንቦት ነው።

ይህ አባባል ለማስደነቅ የተነገረ አይደለም። በሰሜን ጀርመን ባንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር፣ ሟች ሚስቱ በመስኮቱ አጠገብ የተከለችውን አንድ ጽጌ ረዳ የሚጠብቅ ሽማግሌ ይታሰብ። ልጆቹ ርቀው ሄደዋል፤ ተክሉም ለርሱ የቤት ጌጥ ብቻ አይደለም። በመጋቢት በረዶው ሲቀልጥ ወጥቶ ያየዋል፤ ቅርንጫፉ አረንጓዴ ነው። በጥፍሩ ቅርፊቱን ጥቂት ፋቅ ሲያደርገው እርጥብ ልጥ ይታያል። በሚያዝያ ቀያይ ለጋ ቡቃያዎች ብቅ ይላሉ፤ ሽማግሌውም ጎረቤቱን ጠርቶ «ተረፈ» ይለዋል። ከዚያ በኋላ የግንቦት የመጀመሪያው ሙቅ ሳምንት ይመጣል። ጧት ቀጥ ብሎ የነበረው ለጋ ቅጠል ከቀትር በኋላ በፈላ ውኃ የተነከረ ጎመን መስሎ ይወድቃል። ሰውየው ውኃ ያጠጣል፤ በማግሥቱም ይጨምራል፤ ቅጠሉ ግን አይነሣም። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ቡቃያው ሁሉ ጠቁሮ ይደርቃል።

ምን አገኘው? ጀርመኖች ከግንቦት 3 እስከ 7 ቀን ያሉትን ዕለታት በማመርቱስ፣ በፓንክራቲዩስ፣ በሰርቫቲዩስ፣ በቦኒፋቲዩስና በሶፊያ ስም ይጠሯቸዋል፤ አምስቱንም ባንድነት «የበረዶ ቅዱሳን» ይሏቸዋል። በነዚህ ቀኖች ድንገተኛ ውርጭ ሊወድቅ ይችላል የሚል የቈየ ልማድ ስላለ ጠንቃቃ ሰው እነርሱ ሳያልፉ ለጋ ተክል ወደ ውጭ አያወጣም። ሽማግሌውም ጥፋቱን በነርሱ ላይ ይጥላል። ቅዱሳኑ ግን ከዚህ ክስ ንጹሓን ናቸው፤ ተክሉ ከሞተ ብዙ ጊዜ ሆኖታልና።

በመጋቢት የታየው አረንጓዴነት የቅርንጫፉን እንጂ የሥሩን ሕይወት አይመሰክርም። ጽጌ ረዳ ቅጠሉ ሳይረግፍ በሙቀቱ ወራት ያዘጋጀውን ምግብ ስታርች አድርጎ በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በወፍራም ሥሮቹ ያከማቻል። ቀኑ ሲረዝምና አየሩ ሲለዝብ ቡቃያው የሚወጣው በዚህ ስንቅ ነው። ስለዚህ ሥሩ አስቀድሞ የጠፋበት ተክል እንኳ ስንቁ እስኪያልቅ ድረስ ያቆጠቁጣል፤ ተቈርጦ በብርሌ ውኃ የተቀመጠ ቅርንጫፍ ያለ ሥር ቅጠል እንደሚያወጣ ማለት ነው። አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ቅጠሉ የሚያተነው ውኃ ጥቂት ስለ ሆነ በግንዱ ውስጥ የቀረው እርጥበት ይበቃዋል። ሙቀት በመጣ ዕለት ግን ቅጠሉ ይጠማል፤ ወደ ታች ውኃ ይለምናል፤ ከታች የሚመልስለት የለም። ሽማግሌው በልግስና ያፈሰሰው ውኃም የሚጠጣው አላገኘምና በጉድጓዱ ቈሞ፣ ምናልባት ቀርታ የነበረችውን ጥቂት ሥር ያፍናታል።

የሥር ነገር ከዓይን የተሰወረ በመሆኑ ብዙ ሰው ሥርን ተክሉን ከመሬት ጋር እንደሚያስር ገመድ ብቻ ይቈጥረዋል። ወፍራሞቹ ሥሮች በርግጥ ደጋፊዎችና ስንቅ ያዦች ናቸው። ውኃውን የሚጠጡት ግን በጫፋቸው ያሉት ከክር የቀጠኑ ነጫጭ ሥሮችና በነርሱ ላይ እንደ ከፈይ የሚታየው ጸጉር ናቸው። የነዚህ ዕድሜ አጭር ነው፤ ጸጉሮቹ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ያልፋሉ፤ ተክሉም ሳያቋርጥ በምትካቸው አዲስ ያበቅላል። እንግዲህ የጽጌ ረዳ ኑሮ የተመሠረተው ባንድ ጊዜ በተተከለ ምሰሶ ላይ አይደለም፤ በየሳምንቱ በሚታደስ ሥራ ላይ ነው። ይህ መታደስ ለረዥም ጊዜ ከተቋረጠ ወፍራሙ ሥር ደኅና ቢመስልም ተክሉ የሚጠጣበት አፍ አጥቷል።

ደግሞም ቅርንጫፉ ቅጠሉን አራግፎ ሲተኛ ሥሩ አብሮት አይተኛም። የአፈሩ ሙቀት ከ5 ዲግሪ ገደማ በላይ እስከ ሆነ ድረስ ቀስ እያለ ማደጉን አይተውም። ለዚህ ትጋቱ የሚከፍለው ዋጋ አለ፤ ይኸውም እንደ ቅርንጫፉ ብርድን አለመልመዱ ነው። ቅርንጫፍ ውጭ ቈሞ ሌሊቱ በቀዘቀዘ ቍጥር ጥቂት በጥቂት ይጠነክራል። ሥር ግን አፈር ልብሱ ስለ ሆነ ያን ያህል አይጠነክርም፤ ቅርንጫፉ የሚታገሠውን ብርድ ሥሩ ቢቀምሰው ይሞታል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያስ ገዳዩ ብርዱ ነው» ይል ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ በብዙ ስፍራ ግን ገዳዩ ውኃ ነው። ይህን ማመን የሚያስቸግረው በረዶ ባለበት አገር ለጠፋው ሁሉ የሚከሰሰው በረዶ ስለ ሆነ ነው። የሰሜን ጀርመን የብርድ ወራት ሁልጊዜ ነጭ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አመድማ ነው። ለሳምንታት ቀጭን ዝናብ ይዘንባል፤ ፀሓይ ደካማ ስለ ሆነች፣ ቅጠልም ስለሌለ የወረደውን ውኃ የሚመልሰው የለም። ሥር ደግሞ እንደ ማናቸውም ሕያው ነገር ይተነፍሳል፤ የሚተነፍሰውም በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ባለው ክፍተት የሚገባውን አየር ነው። ያ ክፍተት በውኃ ሲሞላ ትንፋሹ ይዘጋል፤ ኦክሲጅን በውኃ ውስጥ የሚሠርገው በአየር ውስጥ ከሚሠርግበት በ10,000 እጥፍ ገደማ ቀርፎ ነውና። ብርዱ የሥሩን ትንፋሽ ስለሚያዘገየው ሞቱ ወዲያው አይደርስም፤ ጽጌ ረዳ ጥቂት ቀን በውኃ ውስጥ ቢቈይ ይታገሣል። ውኃው ለሳምንታት ሲቈም ግን ቀጫጭኖቹ ሥሮች አስቀድመው ያልፋሉ። በኋላም አፈሩ መሞቅ ሲጀምር ፊቶፍቶራና ፒትየም የሚባሉት፣ ዘራቸው በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚዋኝ የበሽታ ነፍሳት የተዳከመውን ሥር ይወርሩታል። እንዲህ ያለውን ሥር በጣት ይዞ ቢስቡት ልጡ እንደ ሰገባ ሾልኮ በእጅ ይቀራል፤ ውስጡ እንደ አይጥ ጅራት ቀጥኖ ይታያል። የሚሸትተውም የረግረግ ሽታ ነው።

ስማቸው አንድ ሆኖ ጠባያቸው የተለያየ ሁለቱ ክረምቶች የሚገናኙት በዚህ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ዋልካ መሬት በሐምሌና በነሐሴ ውኃ ሲያቍር እህሉ ቢጫ የሚሆነው ዝናብ አጥቶ አይደለም፤ ሥሩ ታፍኖ ነው። ገበሬው ይህን ያወቀው ከመጻሕፍት አይደለም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ሰዎች በዋልካው ላይ አፈሩን በእጃቸው እያፈሱ ከፍ ያለ መደብ እየሠሩ፣ በመደቡ መካከል ለውኃው መውረጃ እየተዉ ይዘራሉ። በሌላውም ስፍራ ዋልካውን ትቶ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ሽምብራ የሚዘራበት ብዙ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በጥቁር አፈር ላይ ጽጌ ረዳ ተክሎ በነሐሴ ቅጠሉ ሲገረጣበት «ማዳበሪያ አነሰው» የሚለው ባለቤት የእነዋሪን ገበሬ ቢያማክር የተሻለ መልስ ያገኝ ነበር።

ወደ ሰሜኑ እንመለስ ቢባል ከውኃ ቀጥሎ የሚመጣው ውርጭ ነው፤ ውርጩም የሚገድለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በራሱ በብርዱ ነው። አመዳይ ሲወርድ ሰው ለተክሉ ያዝናል፤ የሚገባው ግን ማመስገን ነበር፤ ወፍራም አመዳይ በውስጡ ብዙ አየር ስለ ያዘ እንደ ጋቢ ሆኖ የምድሩን ሙቀት ይጠብቃል። የሚያስፈራው አመዳይ ሳይኖር ሰማዩ ጠርቶ የሚወርደው ውርጭ ነው፤ ጀርመኖች ይህን «መላጣ ውርጭ» በሚል ስም ይጠሩታል፤ ካልፍሮስት ማለት ይኸው ነው። ይህ ውርጭ በተራቈተው ምድር ላይ በየሌሊቱ እየጠለቀ ይሄዳል። ላይኛው አፈር እንደ ድንጋይ በደረቀ ጊዜ ፀሓይ ትወጣለች፤ ደረቅ ነፋስም ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ አረንጓዴው ቅርንጫፍ ውኃውን ይነጠቃል፤ ሥሩም ከቀዘቀዘው አፈር አንዲት ጠብታ እንኳ ስቦ ሊሰድለት አይችልም። በሸክላ የተተከለው ጽጌ ረዳ ከሁሉ የከፋ ዕጣ አለው፤ በምድር ያለው ሥር ብርድ የሚያገኘው ከላይ ብቻ ሲሆን በሸክላ ያለውን ግን ከአራቱም ማዕዘን ይከበዋል።

ሁለተኛው መንገድ በመንቀጥቀጥ ነው ማለት ይቻላል። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል፤ በተጨማሪም እየረጋ ያለው አፈር ከታች ያለውን ውኃ ወደ ላይ ይስባል፤ የበረዶ ንጣፍ ይሠራል። ይህም ንጣፍ ሌሊት ተክሉን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ቀን ሲቀልጥ አፈሩ ይወርዳል፤ ተክሉ ግን አብሮ ወደ ቦታው አይመለስም። ይህ ደጋግሞ ሲሆን ቀጫጭኖቹ ሥሮች እንደ ክር ይበጠሳሉ። በዚያው መከር የተተከለ ጽጌ ረዳ ከሁሉ አብልጦ ይጐዳበታል። እርሱ ከችግኝ ጣቢያው ሲነቀል አብዛኛውን ቀጭን ሥሩን እዚያው ትቶ መጥቷል፤ አዲሱን ሳያበቅል ውርጭ ከደረሰበት የሚይዘው ነገር የለውም።

ስለ አይጥ ረጅም መናገር አያስፈልግም። ነገር ግን ከመሬት በታች እንደ ፍልፈል መንገድ እየሠራ የሚኖር አይጥ በዚያ አገር አለ፤ በብርዱ ወራት ሌላ ምግብ ሲያጣ የጽጌ ረዳን ሥር ከግንዱ ግርጌ ድረስ ግጦ ይጨርሳል። ባለቤቱ በጸደይ ቅርንጫፉን ይዞ ሲስበው እንደ ተሰካ በትር በእጁ ይቀርለታል።

ሥሩ የማን እንደ ሆነም መጠየቅ ይገባል። በኤውሮፓ በችግኝ ጣቢያ የሚሸጠው ጽጌ ረዳ አብዛኛው ባንድ ገላ የተጣበቁ ሁለት ተክሎች ናቸው። ከላይ ያለው ስመ ጥሩ አበባ ነው፤ ከታች ያለው ሥር ግን የዱር ነው፤ ብዙ ጊዜም ሮዛ ካኒና ወይም ላክሳ የሚባለው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት የዱር ወይራ ቅርንጫፍ በመልካሙ ወይራ ሥር ላይ እንደ ገባ ይናገራል፤ የጽጌ ረዳ አትክልተኛ የሚሠራው የዚህን ግልባጭ ነው፤ መልካሙን ቅርንጫፍ በዱሩ ሥር ላይ ያገባል። ሐዋርያውም ራሱ ምሳሌው ከተፈጥሮ ልማድ ውጭ መሆኑን መናገሩን ያነበበ ያስታውሰዋል። የዱሩ ሥር ብርቱ ስለ ሆነ ይህ ብልኃት ይጠቅማል፤ ነገር ግን መጋጠሚያው ከአፈር በላይ ከተተወ ውርጭ የላዩን ገድሎ የታቹን ሊያስቀር ይችላል። በሰኔ ከሥሩ ብዙ ጤነኛ ቡቃያ ይነሣል፤ ባለቤቱም ተክሉ ከሞት ተመለሰ ብሎ ይደሰታል። በሚቀጥለው ዓመት ባለ 5 ቅጠል ትንሽ አበባ ያብባል፤ ያች የሚያውቃት አበባ ግን አይደለችም። ሥሩ ድኖ ጽጌ ረዳው ሞቷል። ስለዚህ የጀርመን አትክልተኞች መጋጠሚያውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከአፈር በታች ያደርጉታል፤ የላዩም ክፍል በጊዜ ብዛት የራሱን ሥር ይሰዳል።

በራሱ ሥር የቆመ ጽጌ ረዳ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማየት በዚያው በሰሜን ጀርመን ወደምትገኘው ወደ ሂልደስሃይም ከተማ መሄድ ነው። በከተማዪቱ ካቴድራል ምሥራቃዊ ግንብ ላይ የሚወጣ አንድ ጽጌ ረዳ አለ፤ ዓይነቱ ሮዛ ካኒና ነው፤ ለኢትዮጵያው ቀጋ በዘር ይዛመዳል። ትውፊቱ መነሻውን በ9ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከንጉሠ ነገሥቱ ከሉድቪግ ዘመን ጋር ያያይዘዋል፤ የጽሑፍ ማስረጃው ግን ከትውፊቱ ያጠረ ነው። በመጋቢት 13 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ይኸውም እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1945፣ ከተማዪቱ ከአየር በቦምብ ስትመታ ካቴድራሉ ፈረሰ፤ ጽጌ ረዳውም ተቃጠለ፤ የፍርስራሹ ድንጋይ በላዩ ተከመረ። በዚያን ጊዜ ቅርንጫፉን የተመለከተ ሰው ከአመድ በቀር የሚያየው አልነበረም። ሁለት ወር ያህል ቈይቶ ግን ከፍርስራሹ መካከል ከ20 የሚበልጡ ቡቃያዎች ብቅ አሉ፤ በሚቀጥለውም ዓመት አበበ። እሳቱ ወደ ታች ወደ ሥሩ አልዘለቀም ነበር፤ ሥሩም የዱር ሥር ሆኖ ሌላ አበባ የሚሸከም አልነበረምና ያወጣው የራሱን ነው። ካቴድራሉ በ1985 እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ጽጌ ረዳውም በየዓመቱ በጸደይ መጨረሻ ለጥቂት ሳምንት ያብባል። የሽማግሌው ተክል በሚያዝያ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ የሞተ ነበር፤ ይህኛው አመድ ሆኖ ሳለ ሕያው ነበር። በሁለቱም ዘንድ ቅርንጫፉ የመሰከረው ሐሰት ነው።

የመከር ጥንቃቄው ብዙ አይደለም። ውኃ የሚያቍረው ቦታ በመደብ ከፍ ይደረጋል፤ ወይም ቦይ ይቀደድለታል። ውርጭ ሳይጠና ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ለስላሳ አፈር በግንዱ ግርጌ ይከመራል፤ ከላዩም የጥድ ወገን የሆነ ዛፍ ቅርንጫፍ ይደረብበታል። ለዚህ ሲባል አፈሩን በተክሉ ዙሪያ ቈፍሮ ማምጣት ግን የሚሸፍኑትን ሥር መግለጥ ስለ ሆነ አፈሩ ከሌላ ስፍራ መምጣት አለበት። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

ዋናው ነገር የሚደረገው በመጋቢት ነው። ቅርንጫፉን በጥፍር ከመፋቅ ይልቅ ግንዱን ከግርጌው ይዞ ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ይበልጣል፤ ጤነኛ ተክል መሬቱን ይዞ ይከላከላል፤ ሥሩ የጠፋው ግን እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዛል። የሚያጠራጥር ከሆነ ባንድ ወገን አፈሩን በእጅ ገለጥ አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ሕያው ሥር ጠንካራ ነው፤ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ነው፤ የሞተው ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ይለሰልሳል። ሥሩ ጠፍቶ ቅርንጫፉ ገና አረንጓዴ የሆነበት ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ ቡቃያው ስንቁን ሳይጨርስ ግን ገና ጊዜ አለ። ሽማግሌው በሚያዝያ «ተረፈ» ብሎ ጎረቤቱን በጠራበት ጊዜ ሚስቱ የተከለችው ጽጌ ረዳ በቅርንጫፉ ውስጥ ሕያው ነበር፤ ለመዳን የቀረውም ያው ቅርንጫፉ ብቻ ነበር። የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይቈረጣል፤ ከላይ ከቡቃያው ከፍ ብሎ፣ ከታች ከሌላው ቡቃያ ዝቅ ብሎ ነው። ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛው ውኃ በሚያሳልፍ አሸዋማ አፈር ውስጥ፣ ነፋስና የቀትር ፀሓይ በማያገኘው ስፍራ ይቀበራል። ሁሉም አይጸድቅም፤ ስለዚህ ካንድ ተክል ስድስት ወይም ስምንት መቍረጥ ይሻላል። የጸደቀውም በመጀመሪያው ዓመት ከመሬት በላይ እምብዛም አያድግም፤ ከታች እየሠራ ነውና አይነቀልም፤ በሁለተኛው መከር ወደ ቦታው ይዛወራል። የሚዛወረውም ወደ አሮጌው ጉድጓድ አይደለም፤ ጽጌ ረዳ ለብዙ ዘመን በቈየበት አፈር አዲስ ጽጌ ረዳ ሥር መስደድ እንደሚያስቸግረው የጀርመን አትክልተኞች ያውቃሉ፤ ከመስኮቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ሌላ ጉድጓድ ይቈፈርለታል።